ስምሽ የለም

ታቢታ የወንድሟን ሱሪ ለመተኮስ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው የኋላ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ኮሽኮሽ አለ። የተረሳ የሲኒማ ትኬት መስሏት እጇን ሰደደች። የወጣው ግን አራት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ነበር። የከሰል ካውያውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችና ወረቀቱን ዘረጋችው።

«ታቢታ ደምሴ» ይላል በታይፕ የተመታው ጽሑፍ። «የመለያ ቁጥር 07። የጽሑፍ ፈተናውን ስላለፉ ጥቅምት 17 ቀን ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ።» ከሥሩ ወይን ጠጅ ማኅተም አርፎበታል።

አንዴ አነበበችው። ስሙ የእሷ ነው። ደግማ አነበበችው። ጥቅምት 17 ነገ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልታነበው ስትል ፊደላቱ ተደበላለቁባት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ወንድሟ ሙሴ በእርሻ ድርጅቱ በር ላይ የተለጠፈውን የፈተና ውጤት ዝርዝር ለሁለታቸውም አይቶ ሊመጣ ሄዶ ነበር። ሲመለስ በረንዳው ላይ ቆመና ዓይኗን ሳያይ፣ «እኔ አልፌያለሁ። ስምሽ ግን የለም» አላት። ያን ዕለት ታቢታ ከጓሮ ሄዳ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ተመልሳም «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት ሁሉ፣ እሷ ያልደረሰችበትን ቃለ መጠይቅ ወንድሟ እንዲያልፍ፣ ከቤት ሥራ በተረፋት ሰዓት ሁሉ ታስጠናው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። አንድ የመንግሥት የእርሻ ድርጅት የሠራተኞቹንና የምርቱን መዝገብ በኮምፒዩተር ሊይዝ አስቦ፣ ከአዋሳ ሦስት ወጣቶች መርጦ አዲስ አበባ ውስጥ ለዘጠኝ ወር በፕሮግራም ጽሑፍ እንደሚያሠለጥን ማስታወቂያ አወጣ። ሥልጠናውን የጨረሰ ሥራ ይጠብቀዋል። ያኔ በከተማው ኮምፒዩተር የሚባለውን ዕቃ በዓይኑ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሒሳብ አስተማሪያቸው መምህር ኑሪ ናቸው። በክረምት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳሉ አይተውታል። በማባዣ የተባዛች አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረቻቸውና ለወንድምና ለእህቱ አዋሷቸው።

«ማሽኑ ሞኝ ነው» አሏቸው ሲሰጧቸው። «ያልነገራችሁትን አያውቅም። የነገራችሁትን ደግሞ ስህተትም ቢሆን ይፈጽመዋል። የእናንተ ሥራ ለሞኝ ሰው በደንብ መንገር ነው።»

ታቢታ ይህን ነገር ገና ከመጀመሪያው ቀን ወደደችው። ከግንባታ ቦታ የሲሚንቶ ከረጢት እየለቀመች፣ ውጭውን ልጣ ጥላ፣ ንጹሑ ወረቀት ላይ የሥራ ቅደም ተከተል ትሥል ነበር። ለሚሠራ ነገር አራት ማዕዘን፣ ለጥያቄ እንደ ካርታ ዳይመንድ ያለ ቅርጽ፣ ከዚያ ቀስት። አንድ ቀን ሙሴን «አንተ ማሽኑ ነህ» ብላ ጀሪካን እንዲሞላ በወረቀት ላይ ጽፋ አዘዘችው። ሲሞላ አቁም ማለትን ረሳች። ሙሴም እንደ ማሽን ፊቱን ቀጥ አድርጎ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ ግቢው ጭቃ እስኪሆን ድረስ ዝም ብሎ ቀዳበት። እናታቸው ወጥታ እስክትጮህባቸው ድረስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲላት ይበልጥ አንጀቷ አረረ።

ታቢታ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ማትሪክ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ኤ አምጥታ፣ በእንግሊዝኛ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ቀርታለች። ሙሴ ይበልጣታል፤ አሥራ ዘጠኝ ደፍኗል፤ አንድ ክፍል በመድገሙ ግን ከእሷ ጋር ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው። አባታቸው አቶ ደምሴ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ እዚያው አዋሳ፣ ፒያሳ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። በሚመጣው ሰኞ ታቢታም እዚያው አብራት ሥራ ልትጀምር ነበር።

ሙሴ ጫማውን ሊስትሮ አስጠርጎ እያፏጨ ገባ።

«ተኩሰሽ ጨረስሽ?» አለ።

ታቢታ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋችው። ፉጨቱ ቆመ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከየት አገኘሽው አይደለም ጥያቄው። ምንድን ነው?»

«ታቢ፣ ስሚኝ…»

«ስምሽ የለም አልከኝ» አለች። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር፤ እሷም ራሷ ገረማት። «እንኳን ደስ ያለህ አልኩህ። ቁጭ ብዬ ሳስጠናህ፣ ያልገባህን አምስት ጊዜ ስደግምልህ፣ ይህ ወረቀት ኪስህ ውስጥ ነበር?»

ሙሴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሲዋሽ የሚያደርገውን አላደረገም፤ አልሳቀም።

«የሁለታችንንም ወረቀት ለእኔ ሰጡኝ። አሥራ አንድ ሰው ነው የጠሩት» አለ። «የሚወስዱት ሦስት ነው። ከሌሎቹ ዘጠኝ አንዱንም አልፈራሁም። የፈራሁት አንቺን ነው።»

«እኔን?»

«አንቺ ቃለ መጠይቁ ላይ ከቀረብሽ አንዱ ቦታ ተያዘ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ግዛቸው በስብሰባው ላይ ያለውን ሰምተሻል። ሥራም ትምህርትም የሌለው ወንድ ሁሉ ለሚመጣው የውትድርና ዙር ተመዝግቧል። ጠሀ ከሄደ ዓመቱ ነው። ከሰኔ ወዲህ አንድ ደብዳቤ መጥቷል? አንቺን ማንም ወደ ጦር ግንባር አይወስድሽም።»

ጠሀ የሙሴ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከእነሱ ግቢ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ብሔራዊ ውትድርና ከወሰደው ጀምሮ እናቱ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ትመላለሳለች። አንድ ቀን ታቢታ መንገድ ላይ አግኝታት ሰላም ስትላት ሴትዮዋ አላየቻትም።

ታቢታ ይህን ስታስብ ንዴቷ ለቅጽበት ረገበ፤ ወዲያው ግን እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ሙሴ የሰጣት ምክንያት በመናደዷ የሚያሳፍራት ዓይነት ምክንያት ነበርና፣ ይህ ራሱ ሌላ በደል ሆኖ ተሰማት።

«የመምህራን ማሠልጠኛው እየመዘገበ ነው» አለችው። «መምህር ኑሪ በመስከረም ነግረውሃል። እዚያ የገባም ለውትድርና አይጠራም።»

«ማሠልጠኛ? ወጥቼ የሆነ ገጠር ውስጥ ለሕፃናት ሀ ሁ ሳስቆጥር ልኖር? ፋራ አታድርጊኝ እንጂ።»

«አሃ» አለች ታቢታ። «ነገሩ ሞት ብቻ አይደለማ። ማሠልጠኛውም ቀሸም ሆኖብህ ነው። ስለዚህ የእኔን ወሰድክ።»

ሙሴ መሬት መሬት ያያል።

«ልትሸውደኝ ከፈለግክ ለምን አልቀደድከውም?»

ወረቀቱን በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ፣ «አቃተኝ» አለ።

በሩ ተከፈተ። እናታቸው ነጠላዋን ከትከሻዋ እያወረደች ገባች፤ እንደ ሁልጊዜው የሳሙናና የአሞኒያ ሽታ አብሯት ገባ። መጀመሪያ ሙሴን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ታቢታን አየች።

«አየሽው?» አለች።

ታቢታ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እናቷ «ምንድን ነው?» አላለችም። «አየሽው?» ነው ያለችው።

«ታውቂ ነበር» አለቻት።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ አልካደችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ያበጡ ጣቶቿን ታሻሽ ጀመር። «በማግሥቱ ነገረኝ። ጌታ ያውቃል፣ ልቤ ተከፈለ። ግን ምን ላድርግ? አንቺ ቤትሽ ነሽ፣ ከእኔ ጋር ነሽ። ሥራውንም ከሆቴሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግሬ ጨርሼልሻለሁ።»

«አንሶላ ማጠቡን።»

«በምን ያሳደግኳችሁ ይመስልሻል?»

«እማዬ፣ አንሶላ ማጠብ ነውር ነው አልወጣኝም። ሳትነግሩኝ መረጣችሁልኝ ነው የምለው። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ፣ እኔን ወደ ገበያ ልካችሁ፣ ስለ እኔ ወሰናችሁ።»

«እሺ» አለች እናቷ፤ አሁን ድምጿ ከፍ ብሏል። «አንቺ ንገሪኛ። ብልህ ነሽ፣ ሁሉም ይለኛል። አንድ ወንድ ልጄን ለጦርነት ልስጥ?»

ታቢታ አፏን ከፈተች። ለዚህ ጥያቄ ለሚሆን መልስ አራት ማዕዘንም ዳይመንድም የላትም። ሁለቱም ያዩዋታል፤ መልስ ስላጣች ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ይህ ነው ደሟን ያፈላው። መልስ አለማግኘቷ የእነሱ መልስ ትክክል ነው ማለት አልነበረምና።

የሙሴን ሱሪ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና አልጋው ላይ አኖረችው። ከሣጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ቀሚሷን አወጣች፣ ዘረጋችው፣ ውሃ ረጨችበት። ካውያው በደንብ ግሎ ነበር። ማንም ምንም ሳይናገር ቀሚሷን እስከ መጨረሻው ድረስ ተኮሰች።

በማግሥቱ ሙሴ ቀድሟት ወጣ። ሱሪውን ራሱ ነበር የተኮሰው፤ መስመሩ ሁለት ቦታ ተጣሟል። ታቢታ ጥቂት ቆይታ ተከተለችው። ጋሪ አልያዘችም፤ በእግሯ ሄደች። ከሐይቁ ወገን የሚመጣው ነፋስ ቀዝቀዝ ያለ ነው። አሳ የተሸከሙ ልጆች ወደ ሆቴሎቹ ይጣደፋሉ። እሷ ግን በየእርምጃዋ በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሙሴ ላይ የምትናገረውን። ጠያቂዎቹ ፊት ወረቀቱን አውጥታ «ይህን የደበቀው እሱ ነው» ልትላቸው ቃል በቃል አዘጋጅታዋለች።

የድርጅቱ ቢሮ ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አሥር ወንዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሙሴ ሲያያት አንገቱን ደፋ። ስም የምትመዘግበው ጸሐፊ ጽጌሬዳ የምትባል ለስላሳ ሴት ናት። ታቢታ ወረቀቱን ስትሰጣት ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

«ታቢታ አንቺ ነሽ? ወንድምሽ እኮ አትመጣም ብሎ ነበር። አክስቷ ታማ ልታስታምም ቡሹሎ ሄዳለች ነበር ያለኝ።»

ቡሹሎ ያለችው አክስታቸው እንደ ድንጋይ ጤነኛ ናት። ታቢታ ወደ ሙሴ ዞረች፤ እሱ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን መፈክር እንደ አዲስ ነገር ያነብ ነበር።

«ድናለች» አለች ታቢታ።

ሙሴ በአምስተኛ ተራ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወጣ ላብ ሸሚዙን ገላው ላይ አጣብቆበታል። በአጠገቧ ሲያልፍ አንድ ነገር ሊላት ቆም ብሎ ነበር፤ ፊቷን አዞረችበት።

ተራዋ ሲደርስ ሦስት ሰዎች ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው አገኘች። ሁለቱ የዚሁ የአዋሳው ቢሮ ሰዎች ናቸው። መሃል የተቀመጡት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት ቀጭን ሰው፣ የኮምፒዩተር ሥልጠናው ኃላፊ ጓድ ደበሌ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ሰላምታዋን ተቀበሉና ወንበር አሳዩዋት።

«አንድ ሺህ የሠራተኛ ካርድ አለሽ እንበል» አሉ ጓድ ደበሌ። «በፊደል ተራ ተደርድሯል። የአንድ ሰው ካርድ ፈልጊ ተባልሽ። እንዴት ትፈልጊያለሽ?»

ታቢታ ተነፈሰች። ይህን ታውቀዋለች። በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በመዝገበ ቃላት፣ በሃምሳ የክብሪት ቀፎ ሞክራዋለች።

«መሃል ላይ ያለውን ካርድ አወጣለሁ። የምፈልገው ስም ከእሱ የሚቀድም ከሆነ ከእሱ በኋላ ያለውን ግማሽ በሙሉ እተወዋለሁ። የሚከተል ከሆነም የፊተኛውን። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ደግሞ መሃሉን አወጣለሁ።»

«ቢበዛ ስንት ካርድ ታያለሽ?»

«አሥር።»

«ከሺህ ውስጥ አሥር?»

«አዎ። በየጊዜው በግማሽ ነው የሚቀንሰው። ሺው አምስት መቶ ይሆናል፣ አምስት መቶው ሁለት መቶ ሃምሳ። እንዲህ እያለ አሥረኛው ላይ የሚቀረኝ አንድ ካርድ ነው። እሱም ካልሆነ ሰውየው መዝገቡ ውስጥ የለም ማለት ነው።»

ጓድ ደበሌ ለአጠገባቸው ሰው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። «ወንድምሽም አሥር ብሏል» አሉ። «ለምን ብለን ስንጠይቀው ግን አላወቀም። እሺ፣ ካርዶቹ ተራ ባይዙስ?»

«ሺውንም ማየት ሊኖርብኝ ይችላል።»

«መጀመሪያ ብትደረድሪያቸው አይሻልም?»

ይህ በመጽሐፏ ውስጥ አልነበረም። ታቢታ አሰበች።

«የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ መደርደሩ ከንቱ ድካም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬም ነገም የምጠየቅ ከሆነ ግን አንዴ ደክሜ እደረድራቸዋለሁ። ስለዚህ ከመሥራቴ በፊት ስንት ጊዜ እንደምጠየቅ እጠይቃለሁ።»

ጓድ ደበሌ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት። ቀጥለው በእርሳስ የተሣለ የሥራ ቅደም ተከተል ሰጧት። «ከአንድ እስከ መቶ ያሉትን ቁጥሮች እንዲደምር ነው የተሠራው። ስህተት አለበት።»

ታቢታ በጣቷ ቀስቱን ተከተለች። ደምር። መቶ ደርሷል? ካልደረሰ ተመለስ። ደምር። መቶ ደርሷል? ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«አይቆምም» አለች። «ቁጥሩ ላይ አንድ ጨምር የሚል የለም። ሁልጊዜ አንድ ላይ እንደቆመ ይኖራል፤ ማሽኑም እስከ ዘላለሙ ይደምራል።» እርሳሱን ጠይቃ የጎደለውን አራት ማዕዘን ሣለችበት።

በዚያች ደቂቃ ታቢታ ንዴቷን ረስታው ነበር። ያስታወሷት ጓድ ደበሌ ናቸው።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶናል» አሉ ሁለት የፈተና ወረቀት ጎን ለጎን እያስቀመጡ። «በጽሑፍ ፈተናው አራተኛውን ጥያቄ አንቺና ወንድምሽ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሠራችሁት። እንዲህ አድርጎ የሠራ ሌላ ሰው የለም። ወንድምሽን ስንጠይቀው፣ ያስጠናኋት እኔ ነኝ አለ። እውነት ነው?»

ስሟን ደበቀ፤ አክስቷን አሳመመ፤ አሁን ደግሞ ጭንቅላቷንም ወሰደ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ከነቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ወረቀቱ ሲደበቅ እንዴት እንደነበር ብትነግራቸው ሙሴ ከዚህ በር ዳግመኛ አይገባም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሦስቱ ሰዎች ይጠብቃሉ። እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህን ግማሽ ሰዓት ደግሞ ለማግኘት ስንት ነገር ሆኗል። ታቢታ በድንገት፣ ከዚህ ጊዜ ላይ አንዲት ደቂቃ እንኳ ለሙሴ መስጠት ከበዳት። ይቅር ስላለችው አልነበረም። ወንበሩ የእሷ ስለሆነ ነው።

«ያስጠናሁት እኔ ነኝ» አለች። «ፈተናው ላይ ግን አልገለበጠም። የተቀመጥነው በተለያየ ክፍል ነው። ያሳየሁትን አስታውሶ የሠራው ራሱ ነው።»

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?»

«የለም።»

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ታቢታ ዝርዝሩን ቆማ በጣቷ እየነካች አነበበች። ሁለተኛው ስም የእሷ ነው። ከሦስቱ በታች ተሠምሮ፣ «ተጠባባቂ» ይልና ሙሴ ደምሴ የሚል ስም አለ። ከሦስቱ አንዱ እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ቀርቦ ካልፈረመ ተጠባባቂው ይተካል።

ቤት ውስጥ ይህን ማንም ጮክ ብሎ አላነበበም። ግን ሁሉም ያውቀዋል። እናቷ «ተዪለት» አላለቻትም። በምትኩ ስትጸልይ ድምጿን ከፍ ታደርግ ጀመር። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ከሆነ ወዲህ በቤቱ የሚጸለየው በለሆሳስ ነበር። አሁን ግን «ጌታ ሆይ፣ የልጄን ልብ አራራልኝ» የምትለው ታቢታ ወጥ ቤት ሆና እንድትሰማው አድርጋ ነው። ታቢታ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠችና ገባች።

«እማዬ፣ ለእኔ የምትዪውን ለእኔ በዪኝ። በጌታ በኩል አትላኪብኝ።»

እናቷ ዓይኗን ገለጠች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለች።

ማክሰኞ ታቢታ መምህር ኑሪ ዘንድ ሄደች። መጽሐፋቸውን መለሰችና፣ «መምህር፣ የመምህራን ማሠልጠኛው ምዝገባ አልተዘጋም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» አሉ። «ቅጹ እኔ ጋ አለ። ለወንድምሽ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ምነው፣ አልተመዘገበም እንዴ?»

«አልተመዘገበም።»

መምህር ኑሪ ትኩር ብለው አዩዋት። ነገሩን በከፊል ሰምተው መሆን አለበት፤ አዋሳ ወሬ የማይደበቅባት ትንሽ ከተማ ናት። «እንዲህ አድርጊ ልልሽ አልችልም» አሉ። «ብቻ የምትፈርሚው ምን እንደሆነ አንብበሽ ፈርሚ።»

ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ጽጌሬዳ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ አቀረበችላት። አንደኛው «ሥልጠናውን ተቀብያለሁ» ይላል። ሁለተኛው «በፈቃዴ ቦታዬን ለቅቄያለሁ» የሚል ነው።

«ተጠባባቂው ወንድምሽ ስለሆነ ነው ሁለቱንም ያወጣሁልሽ» አለች ጽጌሬዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እናትሽ ትላንት መጥተው ነበር።»

ታቢታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለቱንም ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ትናንሾቹን ፊደላት ሳይቀር አነበበች። የጠሀ እናት ፊት መጣባት። ሙሴ ጀሪካን ሲሞላ መጣባት። ሙሴ በሌላ በር መግባት ይችላል፤ የናቀው በር ቢሆንም በር ነው። ለእሷ ግን ወደ ማሽኑ የሚያስገባ ሌላ በር አልነበረም።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። ሁለተኛውን ሳታጥፈው ለጽጌሬዳ መለሰችላት።

ስትወጣ ሙሴ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋንዛው ሥር ቆሟል።

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«የቱን?»

ታቢታ አየችው። እሱም መልሱን ከፊቷ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጋሪ ሰው ጭኖ በአጠገባቸው አለፈ።

«እማዬ ናት የላከችኝ» አለ። «ከመፈረምሽ በፊት እንድለምንሽ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

«ታዲያ ስገባ ለምን አልለመንከኝም?»

«ስታልፊ አየሁሽ። አፈርኩ።»

ለወትሮው እንዲህ ሲል ሆዷ ይባባ ነበር። ዛሬ አልባባም። ቢሆንም ሰማችው።

ሙሴ በጫማው ጫፍ ጠጠር እየገፋ፣ «ያ ማሠልጠኛ… ምዝገባው አለፈ አይደል?» አለ።

«አላለፈም። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ቅጹ መምህር ኑሪ ጋ አለ።»

«ፈተናው ሒሳብ አለው ይላሉ።» ቀና ብሎ አያት። «ታስጠኚኛለሽ?»

«እሺ» የሚለው ቃል ከልማድ የተነሣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሁልጊዜ እሺ ስትለው ነው የኖረችው። ንዴቷ ግን ገና እንዳለ ነው፤ አልቀነሰም፤ እንዳለቀ አስመስላ ልትደብቀውም አልፈለገችም።

«ዛሬ አይደለም» አለችው።

ሙሴ ሊከተላት ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው። እናታቸው ይህን ሰዓት ሆቴሉ ጓሮ ናት። ወሬውን ከሙሴ አፍ ወይም ከጽጌሬዳ እንድትሰማው አልፈለገችም። የቀሚሷን ቀበቶ አስተካከለችና ብቻዋን ወደ ፒያሳ መንገድ ጀመረች፤ ለእናቷ ራሷ ልትነግራት።